የመስኮቱ ወገን

እጁ ግንባር ደረሰ፤ ከግንባር ወደ ደረት ወረደ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ፀጉር ሠሪዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ከአማቷ ጎን ተቀምጣ፣ የዛለውን ቀኝ እጃቸውን በሁለት እጇ ደግፋ፣ "ጎሽ እማማ፣ ይኸው ደረስን" እያለች ወደ ግራ ትከሻቸው ወሰደችው።

"ተይ!" አሉ አማቷ።

ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ከመታቸው ወዲህ ከአፋቸው የወጣ የመጀመሪያው ጥርት ያለ ቃል ነበር። እስከዚያ ጠዋት የሚናገሩት ሁሉ ጫፉ እንደጠፋ ክር ነበር፤ ሰሚው ፈልጎ ፈልጎ ይተወዋል። ስለዚህ ፀጉር ሠሪዋ መጀመሪያ ደስ አላት። "ተናገሩ! ኧረ ና፣ ተናገሩ!" ብላ ባሏን ከተጣራች በኋላ ነው ፊታቸውን ያየችው። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ እንባውም የሐዘን ሳይሆን የንዴት ነበር።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ ከትቶ፣ ሌላውን በካልሲ እየረገጠ በሩ ላይ ደረሰ።

"እማዬን ምን አደረግሻት?"

"አማተብኩላቸው። ጎታቹ ለእጃቸው ይበጃል እንዳለው።"

"በየት በኩል?"

የያዘችውን እጅ አየችው። ግራ ትከሻ ላይ አርፏል።

"በእኔ በኩል" አለች ቀስ ብላ።

ይህ ጥያቄና መልስ ለሌላ ቤት ሰው ምንም አይደለም። እዚህ ቤት ግን ከባድ ነው። ሾፌሩና እናቱ እንደ ግሪኮቹ የምሥራቁ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው፤ ሲያማትቡ ከግንባርና ከደረት ቀጥሎ ቀኝ ትከሻ ይቀድማል። ፀጉር ሠሪዋ የምዕራቡ፣ የካቶሊኩ ናት፤ እሷ ዘንድ ግራ ይቀድማል። ሁለቱ ድሮ አንድ ቤት ነበሩ። ከተለያዩ ሺህ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ልዩነታቸውም እንደ ተፋቱ ባልና ሚስት ዕቃ አንድ በአንድ ይታወቃል። የእነሱ ቁርባን እርሾ የገባበት ኅብስት ነው፣ የእሷ ወገኖች እርሾ አያስገቡም። የእነሱ ቄስ ሚስት ያገባል፣ ጢሙን ያሳድጋል፤ የእሷ ወገን ቄስ ተላጭቶ ብቻውን ይኖራል። መንፈስ ቅዱስ ከአብ ሠረጸ በሚለው ጸሎት ላይ ምዕራቦቹ "ከወልድም" የምትል አንዲት ቃል ጨመሩ፤ ለዚያች ቃል ምሥራቆቹ እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም። ፋሲካ እንኳ ብዙውን ዓመት ለየብቻው ይውላል። ሾፌሩ በዚህ በመጨረሻው ቅር ብሎት አያውቅም። "ጾሙን ከአንዳችሁ ጋር፣ ፋሲካውን ከሁለታችሁም ጋር" ይላል።

እናቱ ግን በዚህ ነገር አይቀልዱም። ልጃቸው ይህችን ፀጉር ሠሪ ላግባ ብሎ ያመጣት ጊዜ "ልጅቷስ መልካም ናት፤ ምን ያደርጋል፣ ወደ ኋላ ታማትባለች" አሉ። ግድግዳም ጆሮ አለውና ነገሩ እሷ ዘንድ ደረሰ፤ ከደረሰም በኋላ ከሆዷ አልወጣም። በሠርጉ ቀን አማቷ "የእነሱ ቤተ ክርስቲያን አልገባም" ብለው ደጅ ቆመው ዋሉ። ከዚያ በፊት ግን ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ሜትር እንኳ ሳያስጠጉባት፣ በዓይናቸው ብቻ ለክተው የሰፉትን ነጭ ቀሚስ በወረቀት ጠቅልለው አልጋዋ ላይ አኑረውላት ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ቀሚሱ ልክክ አለ። አፋቸው የሚላትንና እጃቸው የሚላትን ማስታረቅ አቅቷት ፀጉር ሠሪዋ ይኸው ዓመታት ቆጠረች። አሁን ዝም ያለው ያ ቀሚሱን የሰፋው እጅ ነው።

አብረው መኖር ከጀመሩ ወዲህ በቤቱ ማንም አፍ አውጥቶ ያልተናገረው ስምምነት አለ። ሁለቱ ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ አያማትቡም። ሾፌሩ ደግሞ ማዕድ ላይ ግንባሩን ይነካል፣ ደረቱን ይነካል፣ ከዚያ ኮሌታውን የሚያስተካክል መስሎ እጁን ያወርዳል። በሁለት ሴቶች መሃል የተቀመጠ ሰው ኮሌታው መቼም አይስተካከልም።

ጎታቹ የሚሉት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውን ነው። ሲመጣ እጅ ይጎትታል፣ እግር ይጎትታል፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። "ሳያስቡት ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ምንድን ነው? የስፌት መርፌው ይቆየን፤ እሱ ጣት ይፈልጋል" ብሎ ሲጠይቅ ሾፌሩ "ማማተብ" አለ። "በቃ! ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ይዛችሁ አማትቡላቸው። ጭንቅላት ቢረሳ ክንድ አይረሳም" አለ ጎታቹ። ከየትኛው ትከሻ እንደሚጀመር አልጠየቀም፤ የነገረውም የለም። ፀጉር ሠሪዋም አላሰበችበት። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና እጇ የሚያውቀውን መንገድ ሄደ።

በማግስቱ ልትክስ ሞከረች። "እማማ፣ ዛሬ በእርስዎ በኩል ነው። ከቀኝ" አለቻቸው። አማቷ በደህናው እጃቸው የዛለውን ስበው ብርድ ልብሱ ውስጥ ደበቁት። ፌዝ መስሏቸው ይሆን ምጽዋት፣ አልታወቀም፤ ሁለቱንም አይወዱም። እሷም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ቀለል አላት። እንዴት ማማተብ እንዳለባት ያስተማሯት ሟቹ አባቷ ናቸው፤ ገና ሕፃን ሳለች እጇን በእጃቸው ይዘው። እጇን በሌላ በኩል ማስኬድ የእሳቸውን እጅ ከላይዋ ላይ ማንሳት መሰላት።

ሾፌሩ ከሥራ ሲገባ ሞከረ፤ ለሱም እንቢ አሉ። ጎታቹ መጥቶ ክንዱን ሲያነሳው ተመልሶ እንደ እርጥብ ፎጣ ወደቀ። ፀጉር ሠሪዋን ወደ ኮሪደሩ ጠራት።

"እጁ ነው እንቢ ያለው ወይስ እሳቸው?"

"እሳቸው ናቸው።"

"ምነው? ደህና ጀምረን አልነበር?"

ነገረችው። ጎታቹ ጭንቅላቱን አከከ።

"እኔ የማውቀው ጡንቻ ምሥራቅም ምዕራብም የለውም" አለ። "ክርን ይታጠፍ፣ ትከሻ ይነሳ፤ ለእኔ በቂ ነው። ግን ስሚኝ እህቴ፣ ክንድ የሚነቃው አሁን በመጀመሪያው ሰሞን ነው። ይህ ጊዜ ካለፈ እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል። ሰው ካልነካቸው ራሳቸው በደህናው እጅ ያንሱት፤ አሳይቻቸዋለሁ። ብቻ ያንሱት።"

ያን ዕለት ማምሻውን ሌላ መከራ በስልክ መጣ። የሾፌሩ ታላቅ እህት ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ የጫማ ሱቅ አላት። ድምፅዋ ከስልኩ አልፎ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል።

"እሁድ መጥቼ እወስዳታለሁ። እናቴ በስተርጅና ሃይማኖቷ ሲቀየር ቁጭ ብዬ አላይም።"

"ማን ነው የቀየራት? ምን ነካሽ!"

"እጇን ይዛ በግድ አላማተበቻትም? በል አላደረገችም በለኝ።"

ሾፌሩ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ሚስቱን ሳያይ "ምናልባት ለሁሉም የሚሻለው..." ብሎ ጀመረ።

"እህትህ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው" አለች ፀጉር ሠሪዋ። "ቀኑን ሙሉ ሱቅ ናት። እዚያ ማን እጃቸውን ያነሳላቸዋል?"

"እዚህስ ማን እያነሳላት ነው?"

ክፉ ሊናገር አልነበረም፤ ግን ወጣ። እሷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተችና አለቀሰች። ስታለቅስ ለራሷ ገረማት። አማቷ ከቤት ቢወጡላት እፎይ የምትል ይመስላት ነበር፤ አሁን ግን ያ እጅ በእሷ ስህተት ሞቶ እንዳይቀር ፈራች። ከፍርሃቱም ሥር ሌላ ነገር አለ፤ ሴትዮዋን ትወዳቸዋለች። መቼ እንደጀመረ አታውቅም።

አርብ ዕለት የአማቷ ቄስ ሊጠይቋቸው መጡ። ጢማቸው ደረታቸው ላይ የተኛ፣ ሳቃቸው ቅርብ የሆነ ሰው ናቸው። ጸልየው፣ ጥቂት አውርተው ሲወጡ ፀጉር ሠሪዋ ኮታቸውን አቀብላ በሩ ላይ ያዘቻቸው።

"አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ትክክለኛው የቱ ነው? ከቀኝ ነው ከግራ?"

"የኛ ነዋ!" አሉ ቄሱ። "እንዲህ ካላልኩማ ሚስቴም ቤት አታስገባኝ።"

"የምሬን ነው አባ።"

ኮታቸውን ሳይለብሱ ክንዳቸው ላይ አጠፉት።

"የምርሽን ከሆነ፣ በመጀመሪያው ዘመን ሁለቱም አልነበረም። ክርስቲያኑ በአውራ ጣቱ ግንባሩ ላይ ትንሽ መስቀል ይስል ነበር፤ አለቀ። ትከሻ የሚባል ነገር የለም። እጁ እስከ ትከሻ የዘለቀው ብዙ ቆይቶ ነው። ያን ጊዜም የእናንተ አባቶች እንደኛ ከቀኝ ይጀምሩ እንደነበር ተጽፎ ይገኛል።"

"ታዲያ ማን አገላበጠን?"

"እሱን በርግጥ የሚያውቅ የለም። እንዲህ የሚሉ ግን አሉ። ካህኑ ሕዝቡን ሲባርክ ፊቱን ወደነሱ አዙሮ ነው። ለእነሱ ከቀኝ እንዲሆንላቸው እሱ በራሱ ከግራ ይጀምራል። ሕዝቡ ታዲያ ፊት ለፊት መቆማቸውን ረሱትና 'እሱ ከግራ ጀመረ፣ እኛም ከግራ' አሉ ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን እኔ አልነበርኩም።"

"ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የተኳረፍነው?"

"ለዚህ ብቻማ አይደለም፤ ሌላም ብዙ አለን" አሉ እየሳቁ። "ይሄኛው ግን ለኩርፊያ አይበቃም።"

"እባክዎ ይህን ለእማማ ይንገሩልኝ።"

"ወሬውን ሰምቼ አሁን ነገርኳቸው እኮ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።" ኮታቸውን ለበሱ። "የዕድሜ ልክ ነገር በወሬ አይነቀነቅም ልጄ። ሰው በዓይኑ ያየውን ነው የሚያምነው።"

ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ሰው ሞልቷል። ፀጉር ሠሪዋ ከጠዋት ጀምራ ስታጥብ፣ ስትቆርጥ፣ ስታደርቅ እጇ ሥራው ላይ ነበር፤ ልቧ ግን ነገ የሚመጣው ሻንጣ ላይ። ከምሳ በፊት አንዲት የቆየች ደንበኛዋ ተቀመጠች፤ አፏ ከመቀሱ ቀድሞ የሚሠራ ሴት። ቆረጣው ሲያልቅ ፀጉር ሠሪዋ እንደ ልማዷ ከኋላ ወደ ፊት ዞራ፣ ከደንበኛዋ ፊት ለፊት ቆማ፣ የሁለቱን ወገን ርዝመት በጣቶቿ አስተያየች።

"በግራ በኩል ትንሽ አልረዘመም?" አለች ደንበኛዋ።

"በእርስዎ ግራ ነው በእኔ?"

ይህን ጥያቄ ሥራ ከጀመረች ወዲህ ስትጠይቅ ኖራለች። ከጠየቀችም በኋላ መልሱን ሳትጠብቅ ማበጠሪያው የሚሄድበትን ያውቃል። ዛሬ ግን ጥያቄው ከአፏ ወጥቶ አየር ላይ ቆመ። የሷ ግራ የደንበኛዋ ቀኝ ነው። ሁለቱም ወደ በሩ በኩል ናቸው። ግራ ያለችውም ቀኝ ያለችውም የሚያሳዩት አንድ በር ነው።

ማበጠሪያዋን እንደያዘች አማተበች። ግንባር፣ ደረት፣ ግራ ትከሻ፤ እጇ ወደ በሩ ሄደ።

ደንበኛዋ ክው አለች። "ምን አየሽብኝ? ሽበት ነው?"

"የለም እትዬ፣ ሽበት አይደለም። በጣም አምሮብዎታል።"

"ታዲያ እንዲህ የሚያስማትብሽ ምንድን ነው?"

"የቤት ጣጣ ነው" አለች ፀጉር ሠሪዋ፤ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። የቀሩትን ደንበኞች ለባልደረባዋ ትታ ወጣች።

አማቷ በባለመደገፊያው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ከቀኛቸው መስኮቱ፣ ከግራቸው በሩ። ከመስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት መኪናቸው ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ ወንበሩም እንደ ድሮው ከሥሩ ገብቷል። ከታመሙ ወዲህ ያ ወንበር ላይ የተቀመጠ የለም፤ ከመታመማቸው በፊትም ከእሳቸው በቀር ማንም አይደፍረውም ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ቦርሳዋን ሳታወርድ ወንበሩን ስባ አወጣችው። አማቷ ዓይናቸው ፈጠጠ። ወንበሩን ከፊት ለፊታቸው፣ ጉልበት ለጉልበት አድርጋ አስቀመጠችና ተቀመጠችበት።

"አልነካዎትም እማማ" አለች። "የእርስዎ እጅ ለእርስዎ። እኔ የራሴን ነው የማማትበው፤ አባቴ እንዳስተማሩኝ። ብቻ ይዩኝ።"

ቀስ ብላ ግንባሯን ነካች፤ ደረቷን ነካች። ከዚያ እጇ ወደ ግራ ትከሻዋ፣ ወደ መስኮቱ ሄደና ብርሃኑ ላይ ትንሽ ቆየ። በመጨረሻ ወደ ቀኝ ትከሻዋ፣ ወደ በሩ ተመለሰ። አማቷ ፊታቸውን አጨማደዱ። እሷ ደገመች። ግንባር፣ ደረት፣ መስኮት፣ በር። ለሁለት እንዲህ ተፋጠው አያውቁም ነበር፤ አንዳቸው ስታማትብ ሌላዋ ሁልጊዜ ከክፍሉ ትወጣለች ወይም ፊቷን ታዞራለች።

ስትሰልስ አማቷ በግራ እጃቸው የዛለውን ቀኝ እጃቸውን አንጓው ላይ ያዙት። እያቃሰቱ አነሱት። ግንባራቸው ጋ ሲደርስ ተንቀጠቀጠ። ፀጉር ሠሪዋ ዘላ ልትደግፈው ፈልጋ የራሷን እጅ ግንባሯ ላይ አጥብቃ ያዘች። አብረው ወደ ደረት ወረዱ። ከዚያ እሳቸው እንደ እናታቸውና እንደ አያታቸው ወደ ቀኝ፣ እሷ እንደ አባቷ ወደ ግራ ሄዱ፤ ሁለቱም እጆች ወደ መስኮቱ ወጡ።

አማቷ እጃቸውን እዚያው ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ቆሙ። የራሳቸውን እጅ አዩ፣ የሷን አዩ፣ መስኮቱን አዩ። እንደገና አዩ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ፊት ለፊት ቆመው ስንቱን ሰው ለክተዋል፣ በስንቱ ሰው ግራ ላይ የራሳቸውን ቀኝ ዘርግተዋል። ደህናው የአፋቸው ወገን ወደ ላይ ተሳበ፤ ከጉሮሯቸውም አንዲት አጭር ሳቅ ወጣች።

"ድ...ገሚ" አሉ።

ደገመች። ሾፌሩ ከሥራ ሲመለስ እንደዚያው ተፋጠው አገኛቸው። በሩ ላይ ቆሞ ያየውን አላመነም። እጁ ሳያዘው ግንባሩ ላይ ወጣ፣ ደረቱ ላይ ወረደ፣ ኮሌታውንም ረስቶ አለፈ። የትኛውን ትከሻ እንዳስቀደመ ግን ያየ የለም።

እሁድ ጠዋት ባለሱቋ እህት ትልቅ ባዶ ሻንጣ እየገፋች ገባች። ፀጉር ሠሪዋ ሻርፗን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ልትወጣ ነበር። ከትናንቱ በኋላም ቢሆን ስለ እናት ከልጅ ጋር መሟገት ለምራት አይሆንም ብላ ቆርጣለች። እንዲያውም ሻንጣው ሲሞላ እንዳታይ ነበር የተቻኮለችው።

"ይሄ የእማዬ ወንበር አይደለም እንዴ?" አለች ባለሱቋ ገና ከመግባቷ። "ማነው ከመኪናው ሥር ያወጣው? ኧረ ለንብረቷ እንኳ አታዝኑም!" ወንበሩን በመደገፊያው ይዛ ወደ ቦታው ልትጎትት ጀመረች።

"ተይ!" አሉ እናቷ።

ያው የዚያን ጠዋቱ ድምፅ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ቁጣ ያለበት። ባለሱቋ እጇ መደገፊያው ላይ ቀረ። ወንድሟን አየችው፤ እሱ ጣሪያውን ያያል። አማቷ በግራ እጃቸው ወንበሩን አሳዩ፤ ከዚያ በሩ ላይ የቆመችውን ምራታቸውን አሳዩ። የዛለውን እጃቸውን አንጓው ላይ ይዘው ጭናቸው ላይ አዘጋጁና ጠበቁ።

ከሩቅ የእሷ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል፤ ቅዳሴው ሊገባ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ደወሉን ሰማችው። ከዚያ ሻርፗን አወለቀችና የስፌት መኪናው ላይ ሰቀለችው። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ባለሱቋ ወንበሩን ስትለቅላት የምትቀመጥበት ሌላ አጥታ ባዶ ሻንጣዋን አጋድማ ተቀመጠችበት።

"ከግንባር እንጀምር፣ እማማ" አለች ፀጉር ሠሪዋ።